ሦስት እሾህ ያለው ግራር፦ ስለ ሙጫው ዛፍና ስለ አለማሙ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። ነገሬን ከመጀመሬ በፊት ይህችን ቅርንጫፍ እጅ በእጅ ተቀባበሏት፤ ቀስ ብላችሁ ግን ያዟት። ቅጠሉ ከሚወጣበት አንጓ ሥር ተመልከቱ። እሾሆቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ ነው የተቀመጡት። ሁለቱ ግራና ቀኝ ሆነው ወደ ላይ ቀና ብለዋል፤ መካከለኛው እንደ ድመት ጥፍር ወደ ታች ተቆልምሟል። ርዝመታቸው አንድ ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ነገር ግን በየትኛውም በኩል ቢጎትቷት አንዱ ይይዛል። ፍየል ከዚህ ቅርንጫፍ ትበላለች፤ የምትበላው ግን ቅጠል በቅጠል እየለቀመች እንጂ አንድ ጊዜ ጎርሳ አይደለም። ዛፉ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። እንዳይበላ ሳይሆን ቀስ ተብሎ እንዲበላ።

ግራር ብለን በአንድ ስም የምንጠራቸው ዛፎች ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ረጅም፣ ነጭና ቀጥ ያለ እሾህ ሁለት ሁለት አድርገው ያበቅላሉ። አንዳንዶቹ ቀጥ ያለውንም የተቆለመመውንም ቀላቅለው ይይዛሉ። ዛሬ የምናገርለት ባለ ሦስት እሾሁ ነው። ሳይንሱ ለረጅም ዘመን አካሺያ ሴኔጋል ሲለው ኖሮ አሁን ሴኔጋሊያ ሴኔጋል ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በዚሁ አቆጣጠር ነው) ቪየና ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የእጽዋት ጉባኤ አካሺያ የሚለውን የወገን ስም ለአውስትራሊያ ዛፎች ሲያቆይ፣ የአፍሪካዎቹ ሴኔጋሊያና ቫቼሊያ በሚባሉ ስሞች ተከፈሉ። መጻሕፍትን ስታገላብጡ ሁለቱንም ስም ታገኛላችሁ፤ ዛፉ አንድ ነው።

የሚገኘው ከሴኔጋል ተነሥቶ በሳህል በኩል እስከ ሱዳን፣ ከዚያም እስከ አፍሪካ ቀንድ በሚዘረጋው ደረቅ የሣር ምድር ነው። በኢትዮጵያ በስምጥ ሸለቆ፣ በቦረና፣ በደቡብ ኦሞ፣ በሶማሌ ቆላዎች ይበቅላል። በዓመት 300 ወይም 400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ካገኘ በደስታ ይኖራል፤ ከዚያ ባነሰ ዝናብም ይኖራል። ከዓመቱ ስምንትና ከዚያ በላይ ወር ጠብታ ሳያይ ይከርማል። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ የሞተ ይመስላል። ቁመቱ ሲበዛ 12 ሜትር ያህል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሰው ቆሞ አናቱን የሚያይበት አጭር ዛፍ ነው። ሲያዩት ትልቅ ግምት አይሰጡትም።

ዋጋው ከቅርፊቱ ሥር ነው። ይህ ዛፍ ሲቆስል ሙጫ ያወጣል። የሚወጣው ወፍራም ፈሳሽ ነፋስና ፀሐይ ሲያገኘው እየጠጠረ የዋልኖት ፍሬ የሚያህል፣ ማር የመሰለ ኳስ ይሆናል። ያ ኳስ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሙሉ በሙሉ ይሟሟል፤ በውሃው ልክ ቢጨመርበት እንኳ እንደ ሌሎቹ ሙጫዎች ወደ ጭቃነት አይለወጥም፣ ይፈሳል። ሽታ የለውም፤ ጣዕሙም የለም ማለት ይቻላል። ዘይትንና ውሃን አስታርቆ ያኖራል። ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለው የጣዕም ዘይት ተለይቶ ጠርሙሱ አፍ ላይ የማይንሳፈፈው በእርሱ ምክንያት ነው። የምግብ መለያ ቁጥሩ ኢ 414 ነው፤ የታሸጉ ነገሮችን ጀርባ ማንበብ የምትወዱ ሳታገኙት አልቀራችሁም። ጥንት ግብፃውያን ጥቀርሻን በዚህ ሙጫ አዋህደው ቀለም ሠርተውበታል። የውሃ ቀለም የሚሥል ሰዓሊ ዛሬም ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቅለት ይኸው ነው።

አንድ ነገር ላጥራ፤ በየጊዜው ይምታታልና። ይህ ሙጫ ዕጣን አይደለም። ዕጣን የሚወጣው ከሌላ ዛፍ ነው፣ ወገኑም ሌላ ነው፤ ሲያጨሱት ይሸታል፣ ውሃ ሙሉ በሙሉ አያሟሟውም። የግራሩ ሙጫ እሳት ላይ ቢጥሉት ምንም መዓዛ የለውም። በገበያ ደግሞ ከሁለት ግራሮች የሚገኝ ሙጫ አለ። ሱዳኖች ከባለ ሦስት እሾሁ የሚገኘውን ጠንካራውን ሐሻብ፣ በጥቁር የሸክላ አፈር ላይ ከሚበቅለው፣ እኛ ዋጩ ከምንለው ግራር የሚገኘውን ተሰባሪውን ደግሞ ጠልሐ ይሉታል። ሁለቱም ይሸጣሉ፤ በዋጋ የሚበልጠው ሐሻቡ ነው።

ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ይህን ዛፍ ስለማልማት ሲነሣ ሰው ቶሎ የሚያስበው ጉድጓድ ስለመቆፈርና ችግኝ ስለመቁጠር ነው። እኔ እንደማምነው ግን የሙጫው ግራር ከሁሉ በላይ የሚለማው በጊዜ ነው። መቼ እንደሚዘራ፣ ስንት ዓመት እንደሚጠበቅ፣ መቼ እንደሚቆስል፣ መቼ እንደሚቆረጥ፣ መሬቱ መቼ ለእህል እንደሚመለስ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ዛፍ ይዞ ይጠቀማል። ይህን የማያውቅ ሚሊዮን ቢተክል አይጠቀምም።

ይህን ያሳወቁን የኮርዶፋን ገበሬዎች ናቸው። ኮርዶፋን በመካከለኛው ሱዳን ያለ አሸዋማ አገር ነው። ከተማው ኤል ኦቤይድ በዓለም ትልቁ የሙጫ ገበያ ሆኖ ኖሯል። እዚያ ገበሬው መሬቱን በዙር ይይዘዋል። መጀመሪያ አራትና አምስት ዓመት ማሽላ፣ ሰሊጥ፣ ኦቾሎኒ ያርስበታል። አፈሩ ሲደክምና ምርቱ ሲቀንስ ማረሱን ይተወዋል። መተው ሲባል ግን ጥሎት መሄድ አይደለም። በማሳው ውስጥ የቀሩት የግራር ጉቶዎች ያቆጠቁጣሉ፤ ከመሬት ውስጥ ያለው ዘርም ይበቅላል፤ የጎደለበትን እርሱ ይዘራል። አራት ወይም አምስት ዓመት ሲሆነው ዛፉ ሙጫ መስጠት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ አሥርና ከዚያ የሚበልጥ ዓመት በየበጋው ሙጫ ይለቀማል። በመሐል ሣሩ ተመልሶ ከብቱ ይግጥበታል። ዛፉ ሲያረጅና ሙጫው ሲቀንስ ይቆረጣል፤ ግንዱ ማገዶና ከሰል ይሆናል። ጉቶው መሬት ውስጥ ይቆይና ማሳው እንደገና ይታረሳል።

እንግዲህ በዚህ ዙር ውስጥ አፈሩ ምን ሆነ? ግራር የጥራጥሬ ዘመድ ነው። ሥሩ ላይ ባሉ ትንንሽ እባጮች ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል፤ ባክቴሪያው ከአየር ላይ ናይትሮጂን ይይዛል። ቅጠሉ ረግፎ ይበሰብሳል፣ ከብቱ ከሥሩ አርፎ ፍግ ይጥላል። የተኛው መሬት አልተኛም ማለት ነው። ገበሬው በእነዚያ ዓመታት እህል ባያመርትም ሙጫ፣ መኖ፣ ማገዶና ማዳበሪያ አምርቷል። ደግሞም ሙጫ የሚለቀመው የእህል ሥራ አልቆ ሰው እጁ በሚፈታበት በበጋ ነው። ሁለቱ ሥራዎች አይጋፉም። እኔ ስለ ደረቅ መሬት እርሻ ካወቅሁት ሁሉ ከዚህ የበለጠ ብልሃት አላየሁም።

ያ ዙር ተሰብሯል። የተሰበረበትን ምክንያት ሳንረዳ ችግኝ ብንደረድር ትርጉም የለውም። በ1970ዎቹ መጀመሪያና በ1983 እና በ1984 የሳህል ድርቅ ብዙ የሙጫ ዛፍ ደረቀ። የሰው ቁጥር ጨመረና ገበሬው መሬቱን ማሳረፍ አቃተው፤ ሃያ ዓመት ይቆይ የነበረው የዛፍ ጊዜ አጠረ፣ አንዳንዱ ጋ ጨርሶ ቀረ። ሌላው ምክንያት ዋጋ ነው። ከ1969 ጀምሮ እስከ 2009 ድረስ ጥሬ ሙጫን ከሱዳን ወደ ውጭ የመላክ መብት የአንድ ኩባንያ ብቻ ነበር። ለቃሚው የሚደርሰው ሲያንስ ዛፉ ቆሞ ከሚሰጠው ይልቅ ከሰል ሆኖ የሚያስገኘው ይበልጥበታል። በዚያው ዘመን ዓለም ሙጫውን ምን ያህል ይፈልገው እንደነበር እዩ፦ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ስትጥል ይህን ሙጫ ከማዕቀቡ ለይታ አወጣችው። የገዢው ጉጉት ግን የለቃሚው ኪስ ድረስ አልዘለቀም። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ የሱዳኑ ጦርነት የሙጫውን አገር መንገድና ገበያ አመሰቃቅሎታል።

አሁን ስለ አተካከሉ። በችግኝ ጣቢያ ከሚሠሩት ብዙዎቻችሁ መጥታችኋልና እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ።

በመጀመሪያ ስለ ሥር። በኒጀር በረሃ፣ ቴኔሬ በሚባለው ሥፍራ አንድ ግራር ብቻውን ቆሞ ይኖር ነበር። በዙሪያው በመቶ ኪሎ ሜትሮች ሌላ ዛፍ አልነበረም፤ ተጓዦች በካርታ ላይ ምልክት አድርገውታል። ከ1938 እስከ 1939 ባለው በጋ በአጠገቡ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር ሥሩ ከ30 ሜትር በታች ወርዶ ውሃ ላይ ደርሶ ተገኘ። ያ ዛፍ በ1973 በጭነት መኪና ተገጭቶ ወደቀ፤ ግንዱ ኒያሜ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጧል። ወገኑ ከእኛ ባለ ሦስት እሾህ ይለያል፤ ልማዱ ግን ያው ነው። ግራር ከመሬት በላይ ጣት ሳያክል በፊት ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል። የመጀመሪያ ሥራው መውረድ ነው።

ታዲያ እኛ በችግኝ ላስቲክ ውስጥ የምናደርገው ምንድን ነው? ወደ ታች መሄድ የሚፈልገውን ሥር አንድ ስንዝር በሆነ ላስቲክ ውስጥ ዘግተን ለወራት እናቆየዋለን። ይህን ጥፋት እኔ ራሴ አጥፍቻለሁ። አንድ ዓመት ዝናቡ ዘገየና ችግኞቹን ከሚገባቸው በላይ አቆየኋቸው። ከላይ ሲታዩ ያማሩ፣ ጉልበት የሚደርሱ ነበሩ። ተተከሉ። በቀጣዩ በጋ አብዛኞቹ ደረቁ። ነቅዬ ባይ ሥራቸው ላስቲኩ ውስጥ እንደያዘው ቅርጽ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ ቀርቷል፤ አንድ ጣት እንኳ ወደ ታች አልወረደም። ያን ቀን የተማርኩትን እስካሁን አልረሳሁም። ለግራር ትንሽ ችግኝ ከትልቅ ችግኝ ይበልጣል። ከሦስት እስከ አራት ወር ያለው፣ አንድ ስንዝር ገደማ የሆነው ይበቃል። ላስቲኩ ታቹ ክፍት ይሁን፤ ሥር ወደ መሬት ሲያልፍ በየጊዜው እያነሣችሁ ቁረጡት። ሊተከል ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ውሃውን ቀንሱለት፣ ጥላውንም አንሡለት፤ ሜዳ ላይ የሚጠብቀውን አስቀድሞ ይልመደው።

ስለዚህ ዘሩን በቀጥታ መሬት ላይ መዝራት ለብዙ ቦታ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። አሸዋማ በሆነ አፈር ላይ፣ ዝናቡ በደንብ ከገባ በኋላ፣ በአንድ ጉድጓድ ጥቂት ዘር ጥሎ በኋላ ጠንካራውን አስቀርቶ ሌላውን መንቀል። ሥሩ ማንም ሳይነካው ይወርዳል። ጉዳቱ አረም ነው፤ በመጀመሪያው ክረምት ሣር ከበለጠው ያልቃል። ለዚህ ነው የኮርዶፋን ገበሬ ዛፉን የእህል ማሳ ውስጥ የሚዘራው። እህሉ ሲታረም ዛፉም ይታረማል። ለብቻው ጉልበት አይወጣም።

ርቀቱ አራት በአራት ሜትር ቢሆን በሄክታር 625 ዛፍ ይሆናል፤ አምስት በአምስት ቢሆን 400። ዝናብ በሚያንስበት አገር ራቅ ማድረጉን እመርጣለሁ፤ ሣሩና እህሉም ድርሻ ያስፈልጋቸዋል። ተዳፋት ከሆነ ከእያንዳንዱ ችግኝ በታች በኩል ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ትንሽ ክትር ሠርታችሁ ጎርፉን አቁሙለት። ይህ ክትር ከማንኛውም ማዳበሪያ ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው። እሾሁ ትልቁን ዛፍ ይጠብቃል እንጂ ቡቃያውን አያድነውም፤ የልጅ ግራር እሾህ ለስላሳ ነው፣ ፍየል እንዳለ ትቆረጥመዋለች። ሁለትና ሦስት ዓመት ከብት እንዳይገባ ማድረግ ግድ ነው። ሽቦ ማጠር አያስፈልግም፤ የደረቀ የግራር ቅርንጫፍ በዙሪያው መጎንጎን ይበቃል። የሚያስፈልገው የአካባቢው ሰው ስምምነት ነው። ሰው ካልተስማማበት ሽቦም አያግድም። በዘመቻ ተተክሎ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ጠባቂ ያልተመደበለት ችግኝ አይቼ አይቼ ደክሞኛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

ስለ ማድማቱ፣ ማለት ሙጫው እንዲወጣ ቅርፊቱን ስለ ማቁሰሉ፣ እንነጋገር። ጊዜው ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ነው። በሱዳን ይህ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ይውላል። ቀድሞ ከተቆረጠ ዛፉ ገና ውሃ አለውና ሙጫው አይወጣም፤ ከዘገየ ደግሞ ዛፉ ይጎዳል። ድሮ በመጥረቢያ ይቆረጥ ነበር። መጥረቢያ ግን ቅርፊቱን አልፎ እንጨቱን ይመታል፤ ከዚያ ቁስል ምስጥና በሽታ ይገባል። ሱዳኖች ሱንኪ የሚሉት ረጅም እጀታ ያለው፣ ሹል ብረት የተገጠመለት መሣሪያ የመጣው ይህን ለማስቀረት ነው። የሱንኪው ጫፍ በቅርፊቱ ሥር ይገባና ይላጠዋል፤ በእጅ ሲጎተት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቀጭን ልጥ ይነሣል። እንጨቱ አይነካም። ከአንድ ዛፍ የሚላጠው በቅርንጫፉ ብዛት ነው፤ ዋናውን ግንድ መተው ይሻላል። በሚቀጥለው ዓመት ከሌላው በኩል ይላጣል፤ የአምናው ቁስል ይሽራል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ከአንድ ወር በኋላ ወይም ትንሽ ቆይቶ የመጀመሪያው ሙጫ ይደርሳል። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ ይለቀማል። ሙጫው መሬት ሳይነካ በእጅ ተለቅሞ በቅርጫት ይቀመጥ። በላስቲክ ከረጢት አታስቀምጡት፤ ይልብና ይያያዛል። ቅርፊትና አሸዋ የተቀላቀለበት ዋጋው ይወድቃል። ከአንድ ዛፍ በዓመት የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ኪሎ በታች ነው። ይህን የምናገረው ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም። ሙጫ ብቻውን ቤተሰብ ያኖራል ብሎ የሚመጣ ሰው ተሳስቷል፤ በቦረናና በሶማሌ ቆላዎች ብዙው ሙጫ ራሱ ፈንድቶ የወጣ ሆኖ፣ ከብት የሚጠብቁ ሴቶችና ልጆች በመንገዳቸው የሚለቅሙት ነው። ከከብቱና ከእህሉ ጎን የሚመጣ ገንዘብ ነው። በደረቅ ዓመት እህሉ ሲከስር ሙጫው ግን ሊገኝ ይችላል፤ ጥቅሙ እዚያ ላይ ነው።

ወደ መጨረሻው ስቃረብ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው፣ መትከል የማያስፈልግበት ቦታ አለ። በደቡብ ኒጀር በማራዲ አካባቢ፣ ከ1983 ጀምሮ ቶኒ ሪናውዶ የተባለው አውስትራሊያዊ ከገበሬዎች ጋር ሆኖ ያደረገው ይህን ነው። የተተከለው ችግኝ ሲሞትበት ቆይቶ፣ ማሳው ውስጥ በየዓመቱ የሚመነጠረው ቁጥቋጦ የቆየ ዛፍ ጉቶ መሆኑን ተገነዘበ። ሥሩ ሙሉ ነው፤ ጎድሎት የነበረው እንዲያድግ የሚተወው ሰው ነው። ከብዙዎቹ ቀንበጦች ጥቂቱን አስቀርቶ ሌላውን መግረዝ፣ ከዚያም መጠበቅ። በዚህ መንገድ በኒጀር 5 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ዛፍ መልሷል። ግራርም በዚህ መንገድ ይመለሳል። ስለዚህ ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት ሜዳውን ተዘዋወሩበት፤ ጉቶ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው፣ ግራር ጨርሶ መጨመር የሌለበት ቦታም አለ። ቦረና የሣር አገር ነው። አርብቶ አደሩ ቀድሞ በየጥቂት ዓመቱ ሣሩን በሥርዓት ያቃጥል ነበር፤ እሳቱ ቁጥቋጦውን ይቀንሳል፣ ሣሩ ታድሶ ይወጣል። በ1970ዎቹ እሳት ሲከለከል ልዩ ልዩ ባለ እሾህ ግራሮች ሜዳውን እየወረሩ መጡ። ከብት የማይገባበት ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ሆነ። እንዲህ ባለ ቦታ የሚያስፈልገው ማሳሳት ነው። ዛፍ ሁሉ በረከት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የከብቱን ባለቤት አላነጋገረም። በአፋር ፕሮሶፒስ የሚባለው ባለ እሾህ ዛፍ ወረራ ያደረሰውንም ታውቃላችሁ፤ ያ ከሌላ አህጉር የመጣ ነው፤ በጥቅሙ ታምኖ ነበር የገባው።

ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት ስለ ዘሩ ልናገር፣ ቃል ገብቼ ነበርና። በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘር አለ፤ የዘንድሮ ነው። ፍሬው እንደ ወረቀት የሳሳ ጠፍጣፋ ቆባ ሲሆን በውስጡ ከሦስት እስከ ስድስት ዘር ይይዛል። ነቀዝ ይወደዋል፤ ቆባው ዛፉ ላይ እንዳለ እንቁላሉን ይጥልበታል፤ ስለዚህ ቆባው ቡናማ ሲሆን ሳይፈነዳ መሰብሰብ አለበት። ቤት ስትደርሱ ዘሩን በቀዝቃዛ ውሃ ንከሩት። የሚንሳፈፈው አብዛኛው የተበላ ነው፣ አውጡት። የቀረው እስኪነጋ ውሃው ውስጥ ይደር። እንደ ብዙዎቹ ግራሮች ቅርፊቱ ድንጋይ አይደለምና የፈላ ውሃ አያስፈልገውም። ጠዋት ያበጠውን ዘር የጣት አንጓ ያህል ጥልቀት ባለው አሸዋማ አፈር ውስጥ ቅበሩት። በአንድ ሳምንት፣ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት ብቅ ይላል። ብቅ ሲል ሁለት ቅጠል ብቻ ታያላችሁ፤ ሥሩ ግን ያን ጊዜ ከቅጠሉ ርቆ ወርዷል።